የአየር መለኪያው ቦታ የት ነው?

ስለ መኪና ሞተር መጻፍ በእኛ በአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ዘንድ የተለመደ አይደለም። ሞተር የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው፤ የእኛ ድርሻ ታሪክና ቋንቋ ነው ተብሎ ተከፋፍሏል። ይሁን እንጂ ዛሬ ወላጆቻችን የሚነዱት ወይም ነገ እኛ የምንገዛው ያገለገለ መኪና ቱርቦ ያለው ሊሆን ይችላል። መኪናው ሲታመም መካኒኩ ያለንን ከመቀበል በቀር የምናውቀው ነገር ከሌለ ገንዘባችን በከንቱ ይወጣል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ጥያቄ መርጠን እስከ መጨረሻዋ ልንከተላት አሰብን። ይኸውም ቱርቦ ባለው የቤንዚን ሞተር ላይ የአየር መለኪያው ሴንሰር መቀመጥ ያለበት የት ነው? የሚለው ነው።

በመጀመሪያ መለኪያው ለምን አስፈለገ? 1 ኪሎ ቤንዚን በሙሉ እንዲቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ የሚሆን አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑን የሚያስረጨው ኮምፒዩተር ስንት አየር እንደ ገባ ካላወቀ ስንት ቤንዚን እንደሚያስፈልግ ሊወስን አይችልም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይሠራባቸው የነበሩት መለኪያዎች አየር ሲገፋው የሚከፈት ክዳን ነበራቸው፤ ሥራቸውም እህልን በቁና እንደ መስፈር ያለ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ኤልኤች ጄትሮኒክ በተባለው መሣሪያው የጋለ የፕላቲኒየም ሽቦን አመጣ። አየሩ ሲያልፍ ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ሽቦው ሙቀቱን እንዳያጣ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፤ የኤሌክትሪኩም መጠን ያለፈውን አየር ክብደት ይናገራል። እንግዲህ ይህ ቁና ሳይሆን ሚዛን ነው።

ቱርቦ ደግሞ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል የሚዞር የአየር ማመቂያ ነው። የስዊሱ ኢንጂነር አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የኮሎራዶ ተራራ ወደ ፓይክስ ፒክ የአውሮፕላን ሞተር አስወጥቶ በስስ አየር ላይ የሚጠፋውን ጉልበት በቱርቦ መመለስ እንደሚቻል አሳየ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አየሩ በፊልትሮ ይገባል፤ በቱርቦው ይታመቃል፤ በኢንተርኩለር ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም ፔዳሉን ስንረግጥ በሚከፈተው በር አልፎ ወደ ሞተሩ ይዘልቃል። ሚዛኑ ሊቀመጥ የሚችለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከፊልትሮው በኋላ ከቱርቦው በፊት፣ ሁለተኛው ከኢንተርኩለሩ በኋላ ከበሩ በፊት ነው።

አየሩ ታምቆ እያለ ሚዛኑ እንዴት ከማመቂያው በፊት ይቀመጣል? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥጥ በከረጢት ውስጥ ቢታመቅ ቦታው ያንሳል እንጂ ክብደቱ አይለወጥም። አየሩም እንዲሁ ነው። በቱርቦው አንድ በኩል የገባው 100 ግራም በሌላው በኩል የሚወጣው 100 ግራም ሆኖ ነው። ስለዚህ በሐሳብ ደረጃ ሁለቱም ቦታዎች እኩል ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው በመካከል ያለው መንገድ ነው።

ነገሩ በአውድማ ላይ ሰፍሮ ወደ ጎተራ እንደ መላክ ነው። አቁማዳው ቀዳዳ ከሆነ ባለቤቱ በአውድማው ቁጥር ተማምኖ ያቅዳል፤ ጎተራው ግን ጎዶሎ ነው። ሴንሰሩ 147 ግራም ቢቆጥር ኮምፒዩተሩ 10 ግራም ቤንዚን ያስረጫል። ከቱርቦው በኋላ ባለው በተሰነጠቀ ቱቦ 15 ግራም አየር ቢያመልጥ ሞተሩ የሚያገኘው 132 ግራም ብቻ ነው። ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ቀዳዳው ከሴንሰሩ በኋላ ከቱርቦው በፊት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቱርቦው ስለሚስብ ያልተመዘነ አየር ሾልኮ ይገባል፤ ቤንዚኑም ያንሳል። ይህ የባሰው ነው። ግፊት እያለ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ያንኳኳል፤ ሲቆይም ፒስተን ሊያቀልጥ ይችላል።

ይህ ሁሉ አደጋ እያለ እንደ ቮልቮ 740 ቱርቦና እንደ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ያሉ መኪናዎች ሠሪዎች የመጀመሪያውን ቦታ መርጠዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ያለው አየር ቀዝቃዛና የተጣራ ነው። ከቱርቦው የሚሾልክ ዘይት ሽቦውን አይቀባውም፤ ግፊትም አያስጨንቀውም። ሆኖም ቦታው ሁለት ነገር ይጠይቃል። ቱቦው ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ በጥምዝ ላይ አየሩ ስለሚታወክ ንባቡ ይሳሳታል። ሴንሰሩም ከቱርቦው አፍ ጋር መጣበቅ የለበትም፤ በሩ በድንገት ሲዘጋ ወደ ኋላ የሚመለሰውን አየር ተራው የጋለ ሽቦ አቅጣጫውን ስለማይለይ ደግሞ ይቆጥረዋል።

እዚህ ላይ ስለ ግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ሳንናገር አናልፍም። ፔዳሉ ሲለቀቅ የታመቀው አየር መውጫ ይፈልጋል። ሠሪዎቹ ይህን አየር በሴንሰሩና በቱርቦው መካከል መልሰው ያስገቡታል፤ አንዴ ተመዝኗልና። አንዳንድ ወጣቶች ግን ለፉጨቱ ሲሉ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቫልቭ ያስገጥማሉ። የተመዘነው አየር ሲጣል ቤንዚኑ ተርፎ ይቀራል፤ ማርሽ በተለወጠ ቁጥር ሞተሩ ይደናገራል።

ሁለተኛው ቦታ፣ ማለት በጎተራው ደጃፍ መመዘን፣ ይህን ችግር ያቃልላል። በመንገድ የፈሰሰው ከሚዛኑ በፊት የፈሰሰ ስለሆነ ሒሳቡን አያዛባም። ነገር ግን ሴንሰሩ ግፊት የሚችል መያዣና አየር የማያሳልፍ ማሸጊያ ያሻዋል፤ የዘይት ጭጋግም ያገኘዋል። በቱርቦውና በኢንተርኩለሩ መካከል ደግሞ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ እዚያ አየሩ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ኮምፒዩተሩም ለአዲሱ ቦታ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል።

ለአገራችን የክብደት ሚዛንነቱ ልዩ ጥቅም አለው። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መኪናው ከአዋሽ ተነሥቶ እንጦጦ ቢወጣ ሴንሰሩ ያገኘውን ያህል ብቻ ስለሚመዝን ቤንዚኑ አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናው ደጋ ስለ ወጣ ብቻ ሴንሰሩን ማዛወር አያስፈልግም።

እንግዲህ ሐሳባችንን እንሰብስብ። ሠሪው ያስቀመጠበት ቦታ፣ ከፊልትሮው በኋላ በቀጥተኛው ቱቦ ላይ ያለው፣ ለአብዛኞቻችን ትክክለኛው ነው። መኪናው ጥቁር ጭስ ሲያወጣ ወይም ሲያንኳኳ ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ አዲስ ግዙ ከተባልን፣ ከመግዛታችን በፊት ከሴንሰሩ እስከ ሞተሩ ያሉት ቱቦዎችና ማጥበቂያዎች ሁሉ ይፈተሹልን እንበል። ሚዛኑ እውነቱን እየተናገረ አቁማዳው ተቀዶ ሊሆን ይችላልና። የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያጎደልነው ካለ በሚቀጥለው እትም እንዲሞሉልን እንጠይቃለን።