የገለፈት ሒሳብ

የቡና ስኒ ዋጋ ሲነሣ አዲስ አበባ የሚያማርረው ጠጪው ነው። በከሚሴ ከተማ ዙሪያ ግን ባለ ቡናውም ያማርራል። የአረም ጉልበት ጠፋ። ወጣቱ በጅቡቲ፣ በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ሄዷል፤ የቀረውን የቀን ሠራተኛ በሐምሌ ማሽላውም፣ ጤፉም፣ ማሾውም ይሻሙበታል። ፀረ አረም ልግዛ ያለውም፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሲሆን መድኃኒቱ አብሮ ርቆታል።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ የቡናውን ሥር ገለባና የቡና ፍሬ ገለፈት ጎዝጉዙ፣ ነፃ ነው። ገበሬው ካልጎዘጎዘ ደግሞ «የግንዛቤ እጥረት» ይባላል። ይህን ቃል ሪፖርት ላይ ባነበብኩ ቁጥር ከጀርባው ያልተሠራ ሒሳብ አለ ብዬ አምናለሁ። ሪፖርቱ ጉዝጓዝ የለበሰ ሄክታር ይቆጥራል፤ ውፍረቱን ሲለካ ግን አላየሁም። ነገሩ ያለው ውፍረቱ ላይ ነው።

አብዛኛው የአረም ዘር ደቃቅ ነው። የያዘው ስንቅ ትንሽ ስለሆነ በቅሎ ቶሎ ብርሃን ካላገኘ ይሞታል። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል የተነጠፈ ገለፈት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ብርሃን ይከለክላል። ብዙ ሰው ግን ግማሹን ያነጠፈ ግማሹን ጥቅም የሚያገኝ ይመስለዋል። አያገኝም። ስስ ጉዝጓዝ ብርሃን ያሳልፋል፣ እርጥበት ግን ይይዛል፤ ያ እርጥበት የሚያበቅለው አረሙን ነው። ሰርዶና እንግጫ ደግሞ ስንቃቸው ከመሬት በታች ስለሆነ ወፍራሙንም ሰንጥቀው ይወጣሉ፤ እነሱን አስቀድሞ ከነሥራቸው መንቀል ነው።

አሁን እንደምር። በሁለት ሜትር ርቀት የተተከለ አንድ ሄክታር 2,500 እግር ቡና ይይዛል። ማሳው በሙሉ አምስት ሳንቲ ሜትር ይልበስ ቢባል 500 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ 20 ሜትር ኩብ በሚጭን አይሱዙ 25 ምልልስ ማለት ነው። በየግንዱ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ብቻ ቢለብስ እንኳ 98 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከጀንፈል (ከነገለፈቱ ከደረቀ የቡና ፍሬ) ክብደት ግማሽ ያህሉ ገለፈት ነው። ከሄክታሩ ሰባት ኩንታል ንጹሕ ቡና ያገኘ ሰው የሚቀረው ገለፈት ያንኑ ያህል ነው፤ ሜትር ኩቡ መቶ ኪሎ ብቻ ይመዝናል ብንል ሰባት ሜትር ኩብ ይወጣዋል። ከሚፈለገው አሥራ አራተኛው እጅ! ከ2,500 እግር የሚሸፍነው 178ቱን ብቻ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጓሮ ይህን ሒሳብ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት ጀንፈሉን በሙቀጫ ወቅጠው በሰፌድ ያበጥራሉ፤ ገለፈቱ ደጃፉ ላይ ካሉት ሦስት እግሮች ሥር ይደፋል። እዚያ ጣት ቢሰዱ አፈሩን ለማግኘት ሌባ ጣት ሙሉ ይገባል፣ አረምም የለም። አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው ቡና ጉልበቱ ድረስ በአረም ተውጧል። ሴትዮዋ ግንዛቤ አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው ገለፈት ነው።

ጉድለቱን ከማሽላ አገዳና ከጤፍ ጭድ እንሙላ ይባላል። ይህ መኖ ነው። በከሚሴ አቅራቢያ ባለው የጨፋ ረግረግ ዙሪያ በበጋ የአፋርም፣ የአርጎባም፣ የኦሮሞም ከብት ይሰማራል፤ ጭዱን ቡና ሥር የበተነ የላሙን ቀለብ በትኗል። የአውድማ ግርድ ደግሞ ዘር ይዞ ይመጣል፤ አንድ እግር ቅንጬ አረም ብቻ ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ሊያራግፍ ይችላል። ስለዚህ ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ከብት የማይወደው፣ የአረም ዘር የሌለበት የቡና መፈልፈያ ገለፈት ነው።

ትርፉስ? ሁሉም የሚያወራው ስለተረፈ ጉልበት ነው። ጉልበቱ ግን አይጠፋም፤ ወር ይለውጣል። ገለፈት የሚነጠፈው ከጥር እስከ ግንቦት፣ አውድማው ካለቀ በኋላ፣ የቀን ሠራተኛ ርካሽ በሆነበት ጊዜ ነው፤ የሚቀረው የአረም ሥራ ግን የሐምሌና የነሐሴ ነው። ዋናው ትርፍ በሁለቱ የቀን ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። በዓመት አማካይ ዋጋ የሚያሰላ ሰው ይህን አያየውም።

በአገር ደረጃ ደግሞ በ2017 በጀት ዓመት 469 ሺህ ቶን ገደማ ቡና ወደ ውጭ ተልኮ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ተገኝቷል ተብሏል። የቀደመው ዓመት 300 ሺህ ቶን አልሞላም ነበር። የቡና ዛፍ በአንድ ዓመት እንዲህ አይጨምርም፤ የተከማቸው ወጥቶ፣ በኮንትሮባንድ ይሄድ የነበረው ወደ መዝገብ ገብቶ ይሆናል እላለሁ። ጭማሪውን ለማሳ እንክብካቤ የሚሰጡት የከሚሴን ጓሮ ቢያዩ መልካም ነበር።

ባለ 2,500 እግሩ ሁሉንም ከሚያለብስ 178ቱን በደንብ ያልብስ፤ ገለፈቱ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎቹን ይጨምር። ፀረ አረም ይቀንሳል፣ የሐምሌ የቀን ዋጋ ትንሽ ይረግባል። ከዚያ ዛሬ ገለፈቱን እንደ ጥራጊ የሚያስጥለው ባለ መፈልፈያ በኩንታል ዋጋ ይጠራበታል።