በኮምፒዩተር ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችና የደቻቱ ጎርፍ

ደቻቱን በበጋ ያየ እንግዳ ወንዝ ነው ቢሉት አያምንም። ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገረው ሰው አሸዋውን ረግጦ ያልፋል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ነጋዴም ዕቃውን ይዘረጋበታል። ይሁን እንጂ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ በደጋው በኩል የዘነበው ዝናብ ከተራራው ተንደርድሮ በዚሁ አሸዋ ላይ በደረሰ ጊዜ፣ ከተማው ተኝቶ ነበር። ከ250 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም ቤት አልባ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። የውሃውን ነገር መሐንዲሶች በሒሳብ ሊገምቱት ይችላሉ፤ ውሃ ሽቅብ አይሄድምና። አስቸጋሪው ሰው ነው። በእኩለ ሌሊት «ጎርፍ መጣ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወዲያው ይወጣል ወይስ ጎረቤቱን ይጠይቃል? እናት ልጆቿን ሳትቆጥር፣ ነጋዴስ ሣጥኑን ሳይዝ ይወጣልን? ግንቡ የት ላይ ደረጃ እንዲኖረው፣ መሻገሪያው የት እንዲሠራ የሚቆርጠው ባለሥልጣን የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ካላወቀ፣ ሥራው ለውሃው እንጂ ለሰው አይሆንም።

በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት እንዲህ ላለው ችግር አንድ ዘዴ ካበጁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ይኸውም በኮምፒዩተር ውስጥ ከተማ መሥራት፣ በከተማውም ውስጥ ሰዎች ማኖር፣ ለእያንዳንዱም ሰው ጠባይ ሰጥቶ የሚሆነውን መመልከት ነው። የዘዴው አንዱ ምንጭ ግን ኮምፒዩተር እንኳ አልነበረም። ቶማስ ሼሊንግ የተባሉት አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ሁለት ዓይነት ሳንቲሞችን በሰሌዳ ላይ ደርድረው፣ እያንዳንዱ ሳንቲም ከጎረቤቶቹ ቢያንስ ሲሶው ያህል የራሱ ወገን ካልሆነ ቦታ እንዲለውጥ ሕግ አወጡ። ይህ ፍላጎት እጅግ መጠነኛ ነው። ነገር ግን ሳንቲሞቹ ጥቂት ጊዜ ከተዘዋወሩ በኋላ ሰሌዳው ለሁለት ተከፈለ። ማንም ያልፈለገው መለያየት ከመጠነኛ ፍላጎት ተወለደ ማለት ነው። ይህን ሥራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በሰፊው አሳተሙት፤ በ2005 ደግሞ ከሮበርት አውማን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ድሬዳዋን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በአንድ ግቢ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ አደሬውና ጉራጌው ቡና ሲጠራሩ ለኖሩበት ከተማ የቺካጎን ሳንቲም ማምጣት አያዋጣም። ሰሌዳው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን ከየአገሩ ሰው መቀዳት አለበት።

ይህን ያልተጠነቀቀ ምን እንደሚደርስበት ለማየት፣ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን የጄይ ፎረስተርን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እኚህ መሐንዲስ የቦስተን ከንቲባ ከነበሩት ከጆን ኮሊንስ ጋር ሲወያዩ ቆይተው፣ በ1969 ስለ ከተማ እድገትና ውድቀት በኮምፒዩተር የተሠላ መጽሐፍ አወጡ። ከውጤታቸው አንዱ፣ ለድሆች ርካሽ ቤት በብዛት መሥራት ለሥራ ቦታ የሚሆነውን መሬት ስለሚይዝ ከተማውን ይጎዳል የሚል ነበር። ብዙ ሰው ተቆጣ። ተቺዎች ሒሳቡን ሲመረምሩ፣ ከተማው ከአንድ እውነተኛ ከተማ ተለክቶ ያልተወሰደ፣ በዙሪያውም የከተማ ዳርቻ መንደሮች የሌሉበት ሆኖ አገኙት። ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ የተነገረውን ደገመ እንጂ። በእርግጥ ፎረስተርን ሙሉ በሙሉ መንቀፍ ተገቢ አይመስለኝም፤ ግምታቸውን በግልጽ ጽፈው ስላስቀመጡት ነው ተቺ ስሕተቱን ሊያገኝ የቻለው። በጽሕፈት ቤት በቃል ብቻ የሚቆረጥ ውሳኔ ይህን ዕድል አይሰጥም።

ወደ ደቻቱ እንመለስ። ለከተማችን እንዲህ ያለ ሥራ ቢሠራ፣ መነሻው የሕዝብ ቆጠራ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ በአስተዳደሩ 341,834 ሰው መዝግቧል፤ ዛሬ ቁጥሩ ጨምሯልና አዲስ ግምት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ የኮምፒዩተር ሰው ቤት፣ ዕድሜና የእግር ፍጥነት ይሰጠዋል። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በደቂቃ 70 ሜትር ያህል ይራመዳል ብንል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 700 ሜትር ይርቃል። ሕፃን ያዘለችና ሌላውን በእጇ የምትጎትት እናት ግን የዚህን ግማሽ እንኳ ብትሄድ ትልቅ ነገር ነው። ጎርፉ ከደጋው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ከታወቀ፣ ማን እንደሚያመልጥና ማን እንደሚቀር ማየት ይቻላል። ሰዓቱን፣ የዝናቡን ኃይልና የሰዎቹን ውሳኔ እየለዋወጡ ያንኑ ሌሊት መቶ ጊዜ ይደግሙታል፤ ከዚያም አንድ ተጨማሪ ድልድይ፣ በግንቡ ላይ ብዙ ደረጃ፣ ወይም በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚነገር ማስጠንቀቂያ፣ ከሦስቱ የትኛው ብዙ ነፍስ እንደሚያተርፍ ያመዛዝናሉ። ይህ ከሚሊዮን ብር ወጪ በፊት የሚደረግ ርካሽ ሙከራ ነው። መውጫው ጥቂት የሆነ ግንብ በአሸዋው ላይ ያለውን ሰው ከውሃው ጋር ሊዘጋበት እንደሚችል ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል።

የቀንና የሌሊት ነገርም እንዲሁ የተለያየ ነው። በሌሊት የተኛውን ሰው፣ በቀን ደግሞ በከፊራ ገበያ የሚርመሰመሰውን ማሰብ ያስፈልጋል። ቀትር ላይ ሙቀቱ በርትቶ ሱቁ ሲዘጋ፣ መንገዱም ጭር ሲል፣ ሰው ሁሉ በየጥላው ነው። ይህን ሰዓት የማያውቅ የውጭ አገር ፕሮግራም በሙቀቱ መካከል መንገዱን በእግረኛ ይሞላዋል።

ሌላው ምሳሌ የወባው ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ያልተለመደ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ተመራማሪዎችም አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከሚባለው ከእስያ ከመጣ ትንኝ ጋር አያያዙት። ይህ ትንኝ የዝናቡን ኩሬ ሳይጠብቅ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይራባል። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ከሚሠሩት ጋር የሠሩ ሊቃውንት በኮምፒዩተር ባሰሉት ስሌት፣ ተጨማሪ መከላከያ ካልተደረገ ትንኙ የአገሪቱን የወባ ሕመምተኞች በ50 በመቶ ያህል ሊያበዛ እንደሚችል ገምተዋል። መፍትሔው በወረቀት ቀላል ነው፦ በርሜሉን ክደኑ። ሰው በርሜል የሚያኖረው ግን ቧንቧው በየቀኑ ስለማይመጣ ነው፤ ክዳኑንም ቀኑን ሙሉ የሚከፍቱት ልጆችና የቤት ሠራተኞች ናቸው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የቤት አባወራ ትእዛዙን በሰማ ማግስት የሚከድን ከሆነ፣ ወባው በስሌት ጠፍቶ በገንደ ቆሬ ግን እንደ ነበረ ይቀራል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ በገበያ ይገኛል። የሚያስፈልገው ደብተር ይዞ የሚቆጥር ሰው ነው። በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች ለአንድ የክረምት ወር ቢሰማሩ፣ በጠዋትና በማታ አሸዋውን የሚሻገረው ስንት እንደሆነ፣ በወንዙ ዳር ባሉት ቤቶች ስንት አሮጊትና ስንት ሕፃን እንዳለ፣ በርሜሎቹን ማን ከፍቶ ማን እንደሚዘጋ ሊመዘግቡ ይችላሉ። አንድ ጥያቄም ለእያንዳንዱ ቤት ያቀርባሉ፤ በዚያ ሌሊት የነበሩትን ሽማግሌዎች አስቀድመው ቢጠይቁ ይሻላል፦ «በእኩለ ሌሊት ጎርፍ መጣ ብሎ ቢጮህ፣ የማንን ድምፅ አምነው ነው በር የሚከፍቱት?»