ወደብ የማይሻ ንግድ፦ መንግሥት፣ መሬትና ቱሪዝም በሀገረ ሕይወት አካባቢ

የባሕር በር የሌለው አገር ምርቱን ለዓለም ገበያ ለማቅረብ የጎረቤቱን ወደብ፣ የጎረቤቱን መንገድና የጎረቤቱን መልካም ፈቃድ መሻቱ የታወቀ ነው። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የምትገኘው በዚሁ ሁኔታ ውስጥ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ወደብ አገልግሎት ተቋረጠ፤ ከዚያም ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና የወጪ ንግድ ያለፈው በጅቡቲ በኩል ነው። ከጅማ ወይም ከወለጋ የሚነሣ አንድ ጆንያ ቡና መርከብ እስኪደርስ ድረስ የጭነት፣ የመጋዘንና የወደብ ሂሳብ ይደራረብበታል።

ቱሪዝም ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ሻጩ ዕቃውን ወደ ገዢው የሚወስድበት ሳይሆን ገዢው ራሱ ወደ ዕቃው የሚመጣበት ንግድ ነው። ተራራውም፣ ሐይቁም፣ ፍል ውሃውም ባሉበት ሆነው የውጭ ምንዛሪ ያስገኛሉ። በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ይህን ገዢ ከሩቅ አምጥቶ ከደጅ ያደርሰዋል። ከዚህ የተነሣ ቱሪዝም የባሕር በር ለሌላቸው አገሮች የተሰጠ ልዩ ዕድል ነው ሲባል ይሰማል።

አባባሉ እውነትነት አለው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ቡና መንገዱ ቢዘጋ በመጋዘን ተቀምጦ መንገዱ ሲከፈት ይሸጣል፤ ዛሬ ሌሊት ሰው ሳያድርበት የቀረ የሆቴል አልጋ ግን ነገ ሁለት ጊዜ አይከራይም። የጭነት መኪና በወታደር ታጅቦ ሊያልፍ ይችላል፤ ለዕረፍት የወጣ ሰው ግን አጃቢ ወደሚያስፈልግበት ስፍራ አይሄድም። እንግዲህ ይህ ንግድ የጎረቤትን ወደብ ባይሻም የገዛ አገርን አስተዳደር አጥብቆ ይሻል ማለት ነው። የመንገዱ ሰላም፣ የመጓዝ ነጻነት፣ የመሬቱ ባለመብትነትና በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ፈቃድ ሳይሟሉ የጎብኚ ገበያ አይቆምም።

የምዕራቡ መንገድ

ይህን ነገር ከላሊበላና ከጎንደር ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው የአምቦ አካባቢ ነው። ምክንያቱም አካባቢው ጎብኚን ለመሳብ የሚበቃ ነገር አላጣም፤ ከዋና ከተማውም ርቆ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ በመጀመሪያ የመናገሻን ጥንታዊ ደን በአቅራቢያው ትቶ ያልፋል፤ ደኑን በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ቀጥሎ ሆለታን፣ ከዚያም ዐፄ ምኒልክ አዲስ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ጀምረው የተዋትን አዲስ ዓለምን ያገኛል። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ዛሬም የጽዮን ማርያም ስም ይጠራበታል። ባሕር ዛፍ ተስፋፍቶ የማገዶ ችግር ባይቃለል ኖሮ አዲስ አበባ ራሷ እንደ አዲስ ዓለም ትንሽ ከተማ ሆና ትቀር ነበር የሚሉ አሉ። ከዚያ ወዲያ ጊንጪና የጭልሞ ደን፣ ከጊንጪ በስተ ደቡብ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው የደንዲ ሐይቅ ይገኛሉ። አምቦ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች፤ ጥቂት አለፍ ሲባል የጉደር ፏፏቴ አለ።

ከሁሉ በላይ የታወቀው ግን ውሃው ነው። የአምቦ ማዕድን ውሃ ከ1922 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ ቆይቷል። በየሆቴሉ «አምቦ ስጠኝ» የሚል ሰው ስለ ከተማይቱ ማሰቡ አይደለም፤ ስሙ የዕቃ ስም ሆኗል። በዚህ ረገድ አምቦ የባሕር በር የሌለውን አገር ጠቅላላ ችግር በትንሹ ታሳያለች፦ ውሃው ተጭኖ በአገሩ ሁሉ ይዞራል፤ ጠጪው ግን ምንጩን ለማየት አይመጣም። ለፍል ውሃውና ለዋና ገንዳው ከአዲስ አበባ የሚመጣው የቅዳሜና እሑድ እንግዳ ለብዙ ዘመን የከተማይቱ ዋነኛ ጎብኚ ሆኖ ኖሯል።

ሦስት መንግሥታት፣ ሦስት ፕላኖች

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማይቱ «ሀገረ ሕይወት» ተብላ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ስሙ ለፈውስ ውሃዋ የሚስማማ ነበር፤ ይሁንና ልክ እንደ ወሊሶና እንደ አዳማ የቀድሞው የኦሮሞ ስም ከላይ በወረደ ትእዛዝ የተተካበት ከተማ መሆኗም አይዘነጋም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ አምቦ የሚለው ስም በይፋ ተመለሰ። የቦታን ስም የሚያወጣው ማን እንደሆነ ለማስጎብኘት ሥራ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ጎብኚ አስቀድሞ የሚያገኘው ስሙን ነውና።

የኢትዮጵያ የቱሪስት ድርጅት በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሥራ ሲጀምር ዓላማው ግልጽ ነበር። «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር የአገሪቱን የቀን አቆጣጠር ራሱን ለገበያ አቀረበ። ፕላኑ የተመሠረተው በአውሮፕላንና በጥንታዊ ሐውልቶች ላይ ነበር፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱምና ላሊበላ በአንድ የበረራ መስመር ተያያዙ። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች መካከል መቆጠራቸው የዚያ ሥራ ፍሬ ሊባል ይችላል። ነገር ግን የድንጋይ ሐውልት የሌለው፣ በአውሮፕላንም የማይደረስበት የምዕራብ ሸዋ ምድር በዚህ ካርታ ላይ ቦታ አልነበረውም።

የደርግ ዘመን ነገሩን በሌላ አቅጣጫ መራው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ትልልቅ ሆቴሎችም ተወረሱ። የውጭ እንግዳ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለመጓዝ የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ስለ ነበር በግማሽ ቀን ደርሶ የሚመለስበት የአምቦ ጉዞ እንኳ በቢሮ ደጃፍ የሚጀምር ሆነ። የጎብኚ ቁጥር የቀነሰው በጦርነቱና በድርቁ ብቻ አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለክልሎች ሰፊ ሥልጣን ሰጠ፤ መሬትን ግን በአንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት አድርጎ የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አጸና። የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ተቋቁሞ ቱሪዝም በ2014 ዓ.ም. ለብቻው ሚኒስቴር ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይህን ያህል ሲለዋወጥ ሳይለወጥ የቆየው የመሬቱ ጥያቄ ነው።

የጊንጪ ሜዳ

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያቀናጃል የተባለውን ማስተር ፕላን በመቃወም የአምቦ ተማሪዎችና ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ፤ በጸጥታ ኃይሎች ርምጃም የሰው ሕይወት ጠፋ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ተማሪዎች የእግር ኳስ ሜዳቸውና በአቅራቢያው ያለው ደን ለባለሀብት መሰጠቱን ተቃወሙ። ከዚያች ትንሽ ከተማ የተነሣው ተቃውሞ በመላው ኦሮሚያ ተዛመተ፤ ማስተር ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

ለፕላን አውጪ ይህ ታሪክ ልብ ሊባል ይገባል። ክርክር የተነሣባቸው ነገሮች ደንና ሜዳ ናቸው፤ እነዚህም በማንኛውም የቱሪዝም ጥናት ውስጥ «ያልተነካ የተፈጥሮ ሀብት» ተብለው የሚመዘገቡ ናቸው። ለጥናት አቅራቢው ያልተነካ የመሰለው ቦታ ለጊንጪ ልጆች በየቀኑ የሚረገጥ ነበር።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዲፕሎማቶች ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቁ የሚከለክለው መመሪያ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ባይቆይም ለእንግዳ የሚሰጠው ትርጉም የማያሻማ ነበር። ሆለታ ድረስ ያደርሳል፤ አምቦ ግን ከክልከላው ውጭ አይደለችም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን በያዙ በዘጠነኛው ቀን፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ወደ አምቦ መሄዳቸው መንግሥትም የከተማይቱን ክብደት መረዳቱን ያሳያል። ነገር ግን የአምቦ ተወላጅ የሆነው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲገደል ሁከቱ ተመለሰ፤ ኢንተርኔትም በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። በምዕራብ ኦሮሚያ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል የተካሄደው ግጭት የምዕራብ ሸዋንም ገጠሮች ነክቷል። ሆቴል ሠርቶ እንግዳ ለሚጠብቅ ሰው እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ወር የጠፋ ወር ነው።

ወንጪ

ከአምቦ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ፣ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ የወንጪ ሐይቅ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ይገኛል። በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዙሪያውም ፍል ውሃና የገበሬ ማሳ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የአካባቢው ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው ፈረስ፣ ጀልባና መሪ በተራ ማቅረብ ጀመሩ። የተራው ደንብ ተራ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ገቢው በደጅ ቀድሞ በቆመ ጉልበተኛ እጅ እንዳይቀር ያደረገው እርሱ ነው።

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. መንግሥት «ገበታ ለሀገር» በሚል ስም ጎርጎራን፣ ኮይሻንና ወንጪን ለማልማት ተነሣ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ቆጠራት፤ በ2016 ዓ.ም. የወንጪ ደንዲ ኢኮ ቱሪዝም ሎጅ ተመረቀ። ቀድሞ በክረምት የማይታለፈው መንገድም ተሻሻለ። አሁን ያለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ወንጪ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ ደንዲ በምዕራብ ሸዋ ዞን ይገኛሉ፤ በሐይቁ ዙሪያ የተፈጠረው ሥራና ገቢ ለየትኛው ወረዳ፣ ለየትኛው ቀበሌ፣ ለየትኛው ቤተሰብ ይደርሳል? እንደ ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት ሩዋንዳ ከብሔራዊ ፓርኮቿ ገቢ 5 በመቶውን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 10 በመቶውን በፓርኮቹ ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ውሃ መድባለች። ቁጥሩ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ዋናው ነገር በደንብ ተጽፎ መታወጁና ገበሬው አስቀድሞ የሚያውቀው መሆኑ ነው። ያልተጻፈ ድርሻ በጊንጪ የታየውን ዓይነት ጥርጣሬ ይወልዳል።

ትምህርት ቤቱ የሚነካበት ቦታም አለ። የጎብኚ ወራት ዝናብ ካቆመበት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ግንቦት የሚዘልቁ ናቸው፤ ይህም ከትምህርት ዘመኑ ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ልጆች ከትምህርት ነጻ በሚሆኑበት በሐምሌና በነሐሴ ሐይቁ በጉም ይሸፈናል፣ እንግዳውም ይቀንሳል። ስለዚህ ፈረስ የሚስብ ወይም መንገድ የሚመራ ልጅ ሥራውንና ክፍሉን በወቅት ለይቶ ሊያስኬድ አይችልም። በላሊበላ ከቱሪስት ኋላ የሚሮጡ ሕፃናትን ያየ መምህር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሆኖም የውጭው እንግዳ ሰኞም ማክሰኞም ሲመጣ፣ የአዲስ አበባው እንግዳ በአብዛኛው የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። በአገር ውስጥ ጎብኚ ላይ የተመሠረተ ገበያ የውጭ ምንዛሪ ባያመጣም ልጁን በትምህርት ቀን ከክፍል አያስወጣም። በወንጪና በደንዲ ዙሪያ ያሉ ርእሳነ መምህራን የቀሪ መዝገባቸውን በሳምንቱ ቀን ለይተው ቢይዙ፣ ማኅበሩም የፈረስ ተራውን ሲመድብ ለትምህርት የደረሰ ልጅ በሥራ ቀን ተራ እንዳይሰጠው ቢወስን፣ ለወረዳው ፕላን አውጪ ከአልጋ ብዛት ጎን የሚቀመጥ ሁለተኛ መለኪያ ይገኛል።