አርባ አምስት ሴኮንድ

ከአጅማን በአውቶቡስ መጥቼ ዱባይ ሞል ስገባ ሸሚዜ በላብ ከጀርባዬ ተጣብቋል። ውስጡ ያለው የበረዶ ሜዳ ዳር ስቆም ግን ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ሞሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የተከፈተው፤ ሌላው የዱባይ የበረዶ ሜዳ፣ አል ናስር ሌዠርላንድ፣ ግን በ1979 ነው የተከፈተው። ኤምሬትስ በ2001 የዓለም አቀፉን የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን ተቀላቀለች፤ በ2009 አቡ ዳቢ ላይ የእስያን ቻሌንጅ ካፕ አነሳች። በረሃ ብሎ የሚስቅ ይሳቅ።

ጨዋታው ስድስት ለስድስት፣ ሦስት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ኳሷም 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ጠፍጣፋ ጎማ ናት። በቃ። እኔን የሚያንገበግበኝ የተቀያሪዎቹ ወንበር ነገር ነው።

እግር ኳስ ስላሳደገን ተጫዋች ሲወጣ «ምን አጠፋ?» እንላለን። እዚህ አጥቂ አንዴ ገብቶ የሚቆየው 45 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው። ያለ የሌለ ኃይሉን ይጨርሳል፤ ከዚያ ዳኛ ፊሽካ ሳይነፋ፣ ጨዋታው እየቀጠለ ወደ ወንበሩ ይመለሳል፤ ሌላው አጥሩን ዘሎ ይገባል። ባላጋራ ወደ ጎሉ እየገሰገሰ ሳለ ጀርባውን ሰጥቶ የወጣ ቡድኑን አስበላ ማለት ነው። «ትንሽ ልቆይ» ያለ ስስታምም እንደዚያው፤ እግሩ ዝሎ ይቀደማል።

በቀደም ሕፃናት ሲጫወቱ አንድ አባት መስታወቱን እየደበደበ ጮኸ፦ ልጄን ለምን አወጣችሁት! እረፍ እንጂ ሰውዬ! አጠገቤ የቆመች ሞግዚት፣ የአገሬ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ምን አድርጎ ነው ያስወጡት?» አለችኝ።

«ምንም። ተራው አልቆ ነው።»

አጥቂ አሰልጣኝ ሲሆን ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ እስከ ትናንት እሱ ይዘል ነበር፣ ዛሬ ማን ይዝለል የሚለውን ይመርጣል። አጥቂው ዌይን ግሬትስኪ በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ 894 ጎል አግብቷል። ከ2005 እስከ 2009 የፊኒክስን ቡድን ሲያሰለጥን ግን ቡድኑ አንድም ጊዜ ጥሎ ማለፍ አልደረሰም። ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ የተናቀው አጥቂው ማርቲን ሳን ሉዊ በ2004 ከታምፓ ቡድን ጋር የሊጉን ዋንጫ በላ፤ በ2015 ጫማውን ሰቀለ። በ2022 የሞንትሪያል ቡድን አሰልጣኝ አድርጎ ሲሾመው በፕሮፌሽናል ደረጃ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አያውቅም ነበር፤ ሲያሰለጥን የኖረው የገዛ ልጆቹን ቡድን ነው።

የዚያን ቀን የሕፃናቱ አሰልጣኝ ግን አባትየው ሲጮኽ ዘወር ብሎ እንኳ አላየም። የልጁን ትከሻ መታ አደረገው፤ ልጁ ዱላውን ጨብጦ ተነሣ። ሞግዚቷ ሰዓቷን አይታ «አንድ፣ ሁለት» ብላ መቁጠር ጀመረች።