አጭር ሞላና ያረጀ አሞርዛተር፦ የመኪና ንዝረት ፊዚክስ በፎገራ ሜዳ ላይ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ወረታ ከተማ ይደርሳል። ወረታ የሁለት አውራ ጎዳናዎች መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ የርብን ወንዝ ተሻግሮ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ሲቀጥል፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦርን አልፎ እስከ ወልድያ ይዘልቃል። በዙሪያዋ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ በሩዝ ምርቱ የታወቀ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚያስፈልገን ሩዙ ሳይሆን ሩዙን ያበቀለው አፈር ነው።

የሜዳው ሰፊ ክፍል በጥቁር ዋልካ አፈር የተሸፈነ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፣ ይሰነጣጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የተሠራ መንገድ ሥሩ በሚገባ ካልተዘጋጀ በዓመታት ብዛት ገጹ እንደ ረጋ ማዕበል ከፍና ዝቅ ማለት ይጀምራል። በእግር የሚሄድ ሰው ማዕበሉን ላያስተውለው ይችላል፤ መኪና ግን ያስተውለዋል።

በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች አንዳንድ ወጣቶች መኪናቸውን፣ በተለይም በተለምዶ «ዲኤክስ» የምትባለዋን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ፣ ለመልክ ሲሉ ዝቅ ያደርጋሉ። ሥራው የሚከናወነው የመጀመሪያውን ሞላ አውጥቶ በአጭር ሞላ በመተካት ነው። ታዲያ ሞላው ሲለወጥ ለዓመታት ያገለገሉት አሞርዛተርና የጎማ ክፍሎች እንደነበሩ ቢቀሩ ምን ይከተላል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምንማረው ፊዚክስ መመለስ ነው።

የሞላና የአሞርዛተር የሥራ ክፍፍል

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ ሞላ የሚመልሰው ኃይል ከተጨመቀበት ወይም ከተለጠጠበት ርዝመት ጋር ቀጥተኛ ተዛምዶ አለው። ይህን ተዛምዶ የሚወስነው ቁጥር የሞላው ግትርነት ይባላል። ሞላ የመንገዱን ምት ተቀብሎ ጉልበቱን ያጠራቅማል፤ ሆኖም ያጠራቀመውን መልሶ ይሰጣል እንጂ አያጠፋም። በመሆኑም በሞላ ብቻ የተደገፈ መኪና አንድ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች መዋዠቁን ይቀጥላል።

ይህን ውዝዋዜ የሚያረግበው አሞርዛተር ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይትን በጠባብ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ ያስገድዳል፤ በዚህም የውዝዋዜው ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ወደ አየር ይበተናል። አንባቢ ይህን በቀላሉ ሊሞክረው ይችላል። በቀጭን ሞላ ላይ ድንጋይ አንጠልጥሎ ወደ ታች ሳብ አድርጎ መልቀቅ፣ ቀጥሎም ድንጋዩ በዘይት በተሞላ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ሙከራውን መድገም በቂ ነው። በአየር ውስጥ ብዙ ጊዜ የተወዛወዘው ድንጋይ በዘይት ውስጥ በፍጥነት ይረጋል።

አሞርዛተር ሲያረጅ መዝጊያው ይላላል፣ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ቀዳዳዎቹን የሚቆጣጠሩት ክፍሎችም ይበላሉ። ችግሩ ይህ ለውጥ ቀስ በቀስ የሚመጣ መሆኑ ነው። ሾፌሩ በየቀኑ ስለሚለምደው የመኪናው ጠባይ መለወጡን ሳያስተውል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ለምሳሌ አንድ ጎማ የሚሸከመው የመኪና አካል መጠነ ቁስ 250 ኪሎ ግራም፣ የመጀመሪያው ሞላ ግትርነት በሜትር 20,000 ኒውተን ነው እንበል። ግትርነቱን ለመጠነ ቁሱ አካፍለን የውጤቱን ስኩዌር ሩት ብንወስድና ለሁለት ፓይ ብናካፍል፣ መኪናው በተፈጥሮው በሰከንድ 1.4 ጊዜ ገደማ እንደሚወዛወዝ እናገኛለን። ይህ የመኪናው የተፈጥሮ ድግግሞሽ ነው።

አጭሩ ሞላ ግን አጭር ብቻ ሊሆን አይችልም። መኪናው ዝቅ ሲል በጎማውና በአካሉ መካከል ያለው የመንቀሳቀሻ ቦታ ስለሚቀንስ፣ ሞላው በቀረው አጭር ቦታ ምቱን እንዲያቆም ይበልጥ ግትር ተደርጎ ይሠራል። ግትርነቱ በ40 በመቶ ጨምሮ 28,000 ቢሆን፣ የተፈጥሮ ድግግሞሹ በሰከንድ ወደ 1.7 ከፍ ይላል።

አሁን መንገዱን እናስገባ። በሁለት የማዕበል ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 12 ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 1.4 ጊዜ ይገፋል። ይህ ከመጀመሪያው ሞላ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ጋር እኩል ነው። በአጭሩ ሞላ ደግሞ ይኸው ሁኔታ በሰዓት 73 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። የውጭው ግፊት ከተፈጥሮ ድግግሞሹ ጋር ሲገጥም ውዝዋዜው የሚገዝፍበት ይህ ክስተት ሬዞናንስ ይባላል። በሬዞናንስ ጊዜ ውዝዋዜውን የሚገታው ማርገቢያው ብቻ ነው።

መንገዱ ከአማካይ ከፍታው 1.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋዥቅ፣ ያረጀው አሞርዛተርም ከቀድሞ አቅሙ 40 በመቶው ብቻ የቀረው ነው ብለን እናስላ። ሞላው ከመጨረሻው ማቆሚያ እስኪደርስ ያለው ቦታ በመጀመሪያው ከፍታ 9 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ መኪናው በ4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል 5 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ጥሩው አሞርዛተር ከመጀመሪያው ሞላ ጋር ሲሠራ የማርገብ ምጣኔው 0.3 ነው ብለን ብንነሣ የሚከተለውን እናገኛለን።

1. የመጀመሪያው ሞላ ከጥሩ አሞርዛተር ጋር፦ ሞላው 2.5 ሳንቲ ሜትር ይጨመቃል፤ ያለው ቦታ 9።
2. የመጀመሪያው ሞላ ካረጀ አሞርዛተር ጋር፦ 6.3 ሳንቲ ሜትር፤ ያለው ቦታ 9።
3. አጭር ሞላ ከጥሩ አሞርዛተር ጋር፦ 3 ሳንቲ ሜትር፤ ያለው ቦታ 5።
4. አጭር ሞላ ካረጀ አሞርዛተር ጋር፦ 7.4 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ያለው ቦታ ግን 5 ብቻ ነው።

ሁለተኛውንና አራተኛውን ውጤት እናነጻጽር። ያረጀው አሞርዛተር በሁለቱም ያው ነው። በመጀመሪያው ከፍታ መኪናው ቢወዛወዝም ሰፊው ቦታ ጉድለቱን ሸፍኖለት ነበር። አጭሩ ሞላ አሞርዛተሩን አላስረጀውም፤ እርጅናውን ይሸፍን የነበረውን ቦታ ግን ወሰደበት። በዚህ ምክንያት ሞላው ማቆሚያውን ይመታል፣ ምቱም በቀጥታ ወደ አካሉና ወደ ተሳፋሪው ይተላለፋል።

ጎማው መሬቱን ሲለቅ

ጉዳዩ የምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበን ነበር። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ባለው ሰበቃ ነው፤ የሰበቃው ከፍተኛ መጠንም ጎማው መሬቱን ከሚጫንበት ኃይል ጋር ተመጣጣኝ ነው። በምሳሌያችን መኪናው ጸጥ ብሎ ሲቆም ሞላው ጎማውን በ2,450 ኒውተን ይጫነዋል። በውዝዋዜ ጊዜ አጭሩ ሞላ ከዕረፍት ቦታው 6 ሳንቲ ሜትር ቢላላ ግፊቱ በ1,680 ኒውተን ቀንሶ ወደ 770 ይወርዳል። ይህም ከአንድ ሦስተኛ ያነሰ ነው። ፍሬኑ ፍጹም ጤናማ ቢሆን እንኳ በዚያች ቅጽበት ጎማው መሬቱን የመያዝ አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል።

በገበያ ቀን ወደ ወረታ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ሰዎች፣ ከብቶች፣ ጋሪዎችና ባጃጆች ተሰባጥረው ይጓዛሉ። ስለዚህ ከላይ ያሰላነው የሳንቲ ሜትር ልዩነት ዋጋው የሚታወቀው አንድ ሕፃን ወይም አንድ በሬ ድንገት ወደ መንገዱ ሲገባ ነው።

ሞላው ሲወርድ አብረው የሚመረመሩ ክፍሎች

በብዙ የቤት መኪኖች የፊት እግር ላይ ሞላው በአሞርዛተሩ ዙሪያ የተገጠመ በመሆኑ፣ ሞላውን ለመለወጥ ሁሉም ነገር መፈታቱ አይቀርም። የእጅ ዋጋው አንድ ጊዜ ስለሚከፈል ምርመራውን ማድረግ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

አንደኛ፣ አሞርዛተሩ ዘይት ካንጠባጠበ ወይም በእጅ ሲገፋና ሲሳብ ያልተቆራረጠ ተቃውሞ ካላሳየ መለወጥ አለበት። የሚለወጠውም በግራና በቀኝ በአንድነት ነው፤ አለዚያ መኪናው በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ይችላል። የተመረጠው አሞርዛተር ለአዲሱ ሞላ ርዝመትና ግትርነት የሚስማማ መሆን ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ሞላው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ምቱን የሚቀበለው የጎማ ማቆሚያ ይታይ፤ ዝቅ ባለ መኪና ላይ ሥራው ስለሚበዛ የተፈረካከሰ ማቆሚያ መልሶ መግጠም አይገባም። ሦስተኛ፣ ከላይ ያለው መያዣና ኩሽኔቱ ካረጁ መሪ ሲዞር ድምፅ ይሰጣሉ፣ ይከብዳሉም። አራተኛ፣ በእግሮቹ መጋጠሚያ ያሉት ጎሚኒዎች የተሰነጠቁ ከሆኑ ይለወጡ። ብሎኖቻቸው በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከተሸከመ በኋላ ነው፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው ዘወትር እንደተጠመዘዘ ስለሚኖር በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። በመጨረሻም የከፍታ ለውጥ የጎማውን አቅጣጫ ስለሚያዛባ የጎማ አሰላለፍ እንደገና መለካት አለበት።

ለባለሙያውም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ግትርነቱ 20,000 የሆነ ሞላ 15 ሳንቲ ሜትር ሲጨመቅ 225 ጁል ጉልበት ያጠራቅማል፤ ይህ 10 ኪሎ ግራም ከ2.3 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ስለሆነም ያለ ትክክለኛ የሞላ መጨመቂያ መሣሪያ ብሎኑን መፍታት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ሞላ መቁረጥና ባሌስትራ መጨመር

ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል የነበረውን ሞላ በእሳት መቁረጥም ይታያል። የሞላ ግትርነት ከጥምዝ ቁጥሩ ጋር ተገላቢጦሽ ተዛምዶ ስላለው፣ ስምንት ጥምዝ የነበረው ሞላ ስድስት ሲቀረው ግትርነቱ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። በዚህ ላይ እሳቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሻል፤ የተቆረጠው ጫፍም በመቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ እግሩ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ የትንንሽ መኪኖች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሩዝ ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ዳገት ለሚወጣ አይሱዙ ተጨማሪ ባሌስትራ ሲደረግለትም ግትርነቱ ይጨምራል። አሞርዛተሩ ግን ያው የቀድሞው ከሆነ፣ መኪናው ባዶውን ሲመለስ የማርገብ ምጣኔው ከቀድሞው ያንሳል። መኪና ዝቅ ቢል፣ ከፍ ቢል ወይም ቢጠነክር ሕጉ አንድ ነው፤ ሞላውን የነካ ማርገቢያውንም መመርመር አለበት።

እንግዲህ ሞላ ለመለወጥ ያሰበ ሰው በጀቱን ሲያወጣ የሞላውን ዋጋ ብቻ አይያዝ። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ስሌቱ የሚመክረው ግልጽ ነው፤ አሞርዛተሩ ይቀድማል፣ ሞላው ይቆያል።