የመኪናችሁን የውስጥ መብራት በደማቅ ኤልኢዲ ከመቀየራችሁ በፊት

ባሕር ዳር ላይ ባለ ቪትዙም ባለ ሚኒባሱም «የጣሪያው መብራት ደከመ፣ ደማቅ ግጠምልኝ» ይለኛል። ሥራው ቀላል ነው፤ እነዚህን ግን ልብ በሉ።

✅ መብራቱን አጥፍታችሁ አምፖሉ ይቀዝቅዝ። የካቻቢቴውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሽፋኑን ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሁለቱን የአምፖል መያዣዎች በብረት ካገናኛችሁ ፊውዝ ሊቃጠል ይችላል።

✅ አሮጌውን አምፖል ለኩ። በሁለት ጫፉ ብረት ያለው 31፣ 36 ወይም 41 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። ረጅሙን በግድ ካስገባችሁት መያዣው ይላላል።

✅ አልበራም? አትጣሉት፤ ገልብጣችሁ ሞክሩት። ብዙ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል።

✅ በዋት ብዛት አትታለሉ። 2 ዋት የማይሞላ ጥሩ ኤልኢዲ የ10 ዋቱን አሮጌ አምፖል ይተካል። የኃይለኛው ሙቀት የፕላስቲክ ሽፋኑን ሊያጣምም ይችላል።

✅ ማታ ጣና ዳር በር ስትከፍቱ ነፍሳቱ ይጎርፋሉ። 3000 ኬልቪን አካባቢ ያለው ቢጫማ ብርሃን ከነጩ ያነሰ ይስባቸዋል።

⚠️ እየነዳችሁ አታብሩት። ብርሃኑ የፊት መስታወት ላይ ሲያንጸባርቅ መብራት የሌለውን ብስክሌትና እግረኛውን ይሸፍንባችኋል። ሕይወት ከድምቀት ይበልጣል።

ጥያቄ ካላችሁ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ጻፉልኝ።