ሶላሩ ወዴት ይዙር?

በዋግ ኽምራ፣ ፃግብጂ ውስጥ አንዲት እናት ቤት ቡና ጠጥቼ ስወጣ ሶላራቸውን የምሥራቁን ግድግዳ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየሁት። ለምን ጣሪያው ላይ እንዳላወጡት ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ፀሐይስ በዚያ አይደል የምትወጣ?» አሉኝ። ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር፤ ፓኔሉ የቤቱ ጥላ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ስሕተቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። የተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ውኃውም የዋግን ቆላ ታክኮ ተኝቷል፤ መስመር ያልደረሰው ገጠር ግን መብራቱ ሶላር ነው። ሶላር ገዢው ስለ ባትሪውና ስለ አምፖሉ ሲከራከር ይውላል፤ ስለ ጣሪያው ግን አንድ ቃል አይጠይቅም። ያሳዝነኛል፤ ጣሪያውን ማወቅ ምንም ዋጋ አይጠይቅምና።

የፀሐይዋን መንገድ ለማወቅ አንድ ሜትር ዱላ ደጅዎ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። በቀትር ጥላውን ይለኩ፤ በታኅሣሥም በሰኔም የዋግ ቀትር 6 ሰዓት ከ20 አልፎ ነው። የዋጓ ሰቆጣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለሆነች ታኅሣሥ 12 ጥላው 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይዘረጋል። ሚያዝያ 16 ገደማ ጥላ የለም፤ ዱላው የራሱን ጥላ ረግጦ ይቆማል። ሰኔ 14 ደግሞ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ሰው ነው፤ ዱላውን ያቆመ ግን ሁለተኛ አይከራከረኝም። በቡሄ ሰሞን፣ የሻደይ በዓል ሊገባ ሦስት ቀን ያህል ሲቀረው፣ ፀሐይዋ እንደገና በአናታችን አልፋ ወደ ደቡብ ትመለሳለች።

ታዲያ በሰሜን የምትውልበት ጊዜ ካለ የሰሜኑ ቆርቆሮ አይሻልም? አይሻልም። የዚያ ጊዜ ጉልህ ክፍል ክረምት ነው፤ ደመናው ይጋርዳታል። ሰማዩ ጥርት የሚለው በበጋ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፀሐይዋ ደቡብ ናት። በታኅሣሥ ቀትር፣ 15 ዲግሪ ያዘነበለ ፓኔል ፊቱ ወደ ሰሜን ከሆነ ወደ ደቡብ ካየው ጋር ሲነጻጸር የሚያርፍበት ጨረር በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ደቡብን ይምረጡ። 15 ዲግሪ ማዘንበል ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን አጥቦ ይወርዳል። ዕቃው ውስጥ የመጣው ወረቀት 35 ዲግሪ ካለ፣ ከእኛ በጣም ርቀው በሰሜን ለሚገኙ አገሮች የተጻፈ ነው።

ጣሪያዎ ምሥራቅና ምዕራብ ብቻ የሚያይ ከሆነ አይጨነቁ፤ ተዳፋቱ ዝቅ ያለ እስከሆነ ድረስ የሚጎድለው ትንሽ ነው። የጠዋት ፀሐይ ተራራ የሚከልለው ቤት ምዕራቡን ይያዝ።

ጥላ ግን ምሕረት የለውም። በፓኔሉ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ሴሎች እርስ በርስ በተርታ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። ድሮ አሞሌ ጭነው ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚወጡትን በቅሎዎች ያስቧቸው፤ በጠባብ የገደል መንገድ አንዷ ከቆመች ከኋላ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። መዳፍ የምታህል ጥላ አንድ ሴል ላይ ስታርፍ እንዲሁ ናት። ባለ ዲሾች ሆይ፣ እናንተን ነው የምለው! ዲሹን ከሶላሩ በስተደቡብ አትትከሉት፤ በበጋ ጥላው ወደ ሰሜን ዞሮ ፓኔሉ ላይ ይወድቃል። የባሕር ዛፉም ጉዳይ ያው ነው፤ በክረምት የማይደርስ ጥላው በታኅሣሥ ይደርሳል።

ፓኔሉን ቆርቆሮው ላይ አትለጥፉት። አንድ ጋት ያህል ከፍ ይበል፣ ነፋስ ከሥሩ ይግባ፤ ፓኔል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፣ በጋለ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠዋት ሳይግል ይጥረጉት።

የእኚያን እናት ሶላር ከልጃቸው ጋር ሆነን በደቡቡ ቆርቆሮ ላይ አወጣነው። እርስዎም ሶላር ገጣሚው ቆርቆሮውን ከመብሳቱ በፊት ዱላዎን ያቁሙ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓትም ጥላ የማይደርስበትን ቦታ ራስዎ ያሳዩት።